ዶክቶር ፍሮይድና ማስመሰል የማያውቁት ወዳጆቻቸው

የሰውን ልብ ምሥጢር በመመርመር ስማቸው በዓለም ላይ ከተሰማው ሊቃውንት መካከል አንዱ የቪዬናው ሐኪም ዶክቶር ሲግመንድ ፍሮይድ ናቸው። ስለ ሕልም የጻፉትን፣ ስለ ልጅነት ዘመን የተናገሩትን፣ ስለ መንፈስ ሕመም ያስተማሩትን ብዙ ሰው ሰምቶታል፤ ግማሹ ያደንቀዋል፣ ግማሹም ይነቅፈዋል። ነገር ግን በእርጅናቸው ዘመን በሽተኛ ሲቀበሉ ከክፍሉ ውስጥ ሦስተኛ ሆና የምትቀመጥ አንዲት ውሻ እንደ ነበረቻቸው የሚያውቅ ጥቂት ነው። እኛም ዛሬ የእኒህን ሰው ሕይወት ስንተርክ የትምህርታቸውን ዝርዝር ለሊቃውንቱ ትተን፣ በዚህች ውሻና በጓደኞቿ በኩል እንመለከተዋለን። በዚህ በኩል ሲታይ እኒህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን ሲፈልጉት የኖሩት ነገር ምን እንደ ሆነ በቀላሉ ይገለጣል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍሮይድ የተወለዱት በሜይ 6 ቀን 1856 ሞራቭያ በሚባለው አገር፣ ፍራይበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ይህች ከተማ በዚያን ጊዜ በኦስትርያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረች፤ ዛሬ ፕርዢቦር ተብላ በቼክ ሪፑብሊክ ውስጥ ትገኛለች። አባታቸው ያዕቆብ ፍሮይድ የበግ ጠጉር ነጋዴ ነበሩ፤ ንግዱ አልሳካላቸው ስላለ ቤተ ሰባቸውን ይዘው መጀመሪያ ወደ ላይፕሲግ፣ በ1860ም ወደ ቪዬና ሄዱ። ቤተ ሰቡ አይሁዳዊና ብዙ ልጆች ያሉበት፣ ኑሮውም ጠባብ ነበር። ይሁን እንጂ ሲግመንድ በትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ከክፍላቸው አንደኛ ስለ ነበሩ፣ ወላጆቻቸው ካላቸው ላይ ቀንሰው ለትምህርታቸው የሚያስፈልገውን ያሟሉላቸው ነበር።

በዚያ በተማሪነታቸው ጊዜ አንድ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን። ፍሮይድ ኤድዋርድ ዚልበርስታይን ከሚባል የትምህርት ቤት ጓደኛቸው ጋር ሆነው ያለ አስተማሪ የእስፓኝ ቋንቋ ያጠኑ ነበር። በዚህም ጥናት መካከል ታላቁ የእስፓኝ ደራሲ ሴርቫንቴስ የጻፈውን አንድ አጭር ታሪክ አገኙ። ታሪኩ በአንድ ሆስፒታል ደጅ የሚያድሩ ሁለት ውሾች ለአንድ ሌሊት አንደበት ተሰጥቷቸው ሲጨዋወቱ የሚያሳይ ነው። ቤርጋንሳ የሚባለው ውሻ የሕይወቱን ታሪክ ሲናገር፣ ሲፒዮን የሚባለው ደግሞ ያዳምጣል፤ ተናጋሪው ከመንገዱ ሲወጣም ይመልሰዋል። ሁለቱ ወጣቶች በእነዚህ ውሾች ስም እየተጠራሩ ለዓመታት ደብዳቤ ተጻጻፉ። ፍሮይድ ለራሳቸው የመረጡት ስም የአዳማጩን የሲፒዮንን ነው። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ምክንያቱም ኋላ በዓለም ላይ ያስጠራቸው ሙያ በሽተኛ ሲናገር ተቀምጦ ማዳመጥ ሆኗልና።

በ1873 ወደ ቪዬና ዩኒቬርሲቲ ገብተው ሕክምና ተማሩ፤ በ1881ም ዶክቶር ተባሉ። በዚህ መካከል ስድስት ዓመት ያህል በታዋቂው ፕሮፌሶር ብሩክ ላቦራቶሪ ውስጥ የዓሣንና የሌሎችን ፍጥረቶች ነርቭ በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ቆዩ። ልባቸው ሙሉ በሙሉ በምርምሩ ላይ ነበር፤ ግን ምርምር እንጀራ አይሰጥም። በ1882 ማርታ ቤርናይስ ለምትባል ልጃገረድ ታጩ፤ ፕሮፌሶር ብሩክም የኑሯቸውን ድህነት አይተው ላቦራቶሪውን ትተው ሕሙማን ወደሚታከሙበት ሥራ እንዲገቡ መከሩዋቸው። ምክሩ ቢመርም ተቀበሉት። በቪዬና ታላቁ ሆስፒታል ውስጥ ከታናሹ ማዕረግ ጀምረው ሠሩ።

በ1885 መጨረሻ ለጥቂት ወራት ወደ ፓሪስ ሄደው፣ በሳልፔትሪየር ሆስፒታል ዝነኛው ሐኪም ሻርኮ ሲያስተምሩ ተመለከቱ። ሻርኮ ሂስቴርያ የሚባለውን ሕመም ይመረምሩ ነበር። በሽተኛዋ እጇ አልንቀሳቀስ ይላል፣ ወይም ድምፅዋ ይዘጋል፤ ሐኪም ሰውነቷን ቢመረምር ግን የተጎዳ አካል አያገኝም። ብዙዎቹ የዘመኑ ሐኪሞች እንዲህ ያለችውን በሽተኛ አስመሳይ ናት እያሉ ያባርሩዋት ነበር። ሻርኮ ግን ሕመሙ እውነተኛ መሆኑን አስተማሩ። ፍሮይድም ወደ ቪዬና ተመልሰው በኤፕሪል 25 ቀን 1886፣ በፋሲካ ዕለት፣ የራሳቸውን የግል ሕክምና ቤት ከፈቱ፤ በዚያው ዓመት ማርታን አገቡ፤ ስድስት ልጆችም ወለዱ።

በዚያን ጊዜ ዮሴፍ ብሮየር የሚባሉ ሐኪም፣ አንዲት ወጣት በሽተኛ የሚያስጨንቃትን ነገር ከሥሩ ጀምራ ስትናገር ሕመሟ ቀለል እንደሚልላት አይተው ለፍሮይድ አጫውተዋቸው ነበር። ሁለቱ ሐኪሞች በ1895 ስለ ሂስቴርያ አንድ መጽሐፍ በኅብረት አሳተሙ። ኋላ የተገኙት መዛግብት በሽተኛዋ በመጽሐፉ እንደ ተነገረው ወዲያው እንዳልዳነች፣ ከዚያም በኋላ በሕክምና ቤት እንደ ተኛች ያስረዳሉ። የሆነ ሆኖ ፍሮይድ ከዚህ ተነሥተው አዲስ መንገድ ቀየሱ። በሽተኛው በድንክ አልጋ ላይ ጋደም ይላል፤ ሐኪሙ ከራስጌው በኩል በማይታይበት ቦታ ይቀመጣል፤ በሽተኛውም ወደ አእምሮው የመጣውን ሁሉ ሳይመርጥና ሳያፍር ይናገራል። ይህንንም ዘዴ ሳይኮአናሊሲስ ብለው ጠሩት።

የሐሳቡን ፍሬ በእኛ ቋንቋ ለመግለጽ ብዙ አያስቸግርም። የእኛ ሰው የደረሰበትን ኀዘን ወይም ቂም ለማንም ሳይናገር ሲቀር፣ ሆድ ይፍጀው ይላል። እንደ ፍሮይድ ትምህርት ግን ሆድ እንዲህ ያለውን ነገር አይፈጀውም፤ ያቆየዋል። የተቆየውም ነገር ሌላ ልብስ ለብሶ፣ በሕመም፣ በምላስ መሳት፣ በሕልም መልክ ይወጣል። ሕልምም እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው ለማለት ይቻላል፤ ሰሙ ተኝተን ያየነው ሲሆን፣ ወርቁ ከሥር የተሸሸገው ምኞት ነው። ይህን የሚያስረዳውን የሕልም ትርጓሜ የተባለውን መጽሐፋቸውን በ1899 መጨረሻ አወጡ፤ የታተመው 600 ብቻ ሲሆን፣ እሱን ሸጦ ለመጨረስ ስምንት ዓመት ፈጀ። ዛሬ ሊቃውንት ከትምህርታቸው ብዙውን ክፍል በምርመራ አልተረጋገጠም ብለው ትተውታል። የታመመን ሰው በጸጥታና በትዕግሥት ማዳመጥ የሕክምና ክፍል ነው የሚለው ግን በየአገሩ ሥር ሰድዶ ቀርቷል።

ከ1891 ጀምሮ ፍሮይድ የኖሩትና የሠሩት በቪዬና በቤርግጋሴ መንገድ ቁጥር 19 በሚገኘው ቤት ነው፤ በዚያም 47 ዓመት ተቀመጡ። መኖሪያቸውና የሕክምና ክፍላቸው በአንድ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ድንክ አልጋው አንዲት በሽተኛ የሰጠቻቸው ስጦታ ሲሆን፣ በፋርስ ምንጣፍ የተሸፈነ ነበር። በዙሪያው ከግብፅ፣ ከግሪክና ከሮማ የመጡ የጥንት ሐውልቶች በመደዳ ተደርድረዋል። ሐኪሙ ሲጋራቸውን እያጨሱ፣ በቀን እስከ ሃያ ሲጋር ድረስ፣ በሽተኞቻቸውን አንድ በአንድ ያስተናግዳሉ።

ይህ ሲጋር በ1923 ዋጋውን ጠየቀ። በላይኛው መንጋጋቸው ላይ ካንሰር የሚባለው ነቀርሳ ታየ። በዚያው ዓመት እጅግ የሚወዱት አራት ዓመት የሆነው የልጅ ልጃቸው በሳንባ ነቀርሳ ሞተባቸው፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው ደስ ብሏቸው አያውቅም ይባላል። መጀመሪያ ያዩዋቸው ሐኪሞች የሕመሙን እውነተኛ ስም ደበቁዋቸው። ይህን ያደረጉት በርኅራኄ ነው፤ ፍሮይድ ግን ነገሩን ባወቁ ጊዜ እጅግ ተቈጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልጅ ከራሱ የሚደብቀውን ሲፈልጉ ለኖሩት ሰው፣ ወዳጆቻቸው ይህን መደበቃቸው ከሕመሙ ያላነሰ ቁስል ሆነባቸው። ስለዚህ በ1929 ማክስ ሹር የሚባሉት ወጣት ሐኪም የግል ሐኪማቸው ሲሆኑ፣ ከሁሉ አስቀድመው ያስገቡዋቸው ቃል ምንጊዜም እውነቱን እንዲነግሩዋቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት 16 ዓመታት ከ30 ጊዜ በላይ ኦፕራሲዮን ሆነዋል። ከላንቃቸው የተቈረጠውን ቦታ ለመክደን ሰው ሠራሽ ላንቃ ተደረገላቸው፤ እሱም ሲያወጡት ሲያገቡት ሥቃይ ነበረው፤ ንግግራቸውም ከበደ። ቀኝ ጆሮዋቸው እየደነቈረ ስለ ሄደ፣ በሽተኛውን በግራ ጆሯቸው ለመስማት የድንክ አልጋውንና የወንበራቸውን አቀማመጥ ማዞር አስፈለጋቸው። እንዲህም ሆነው ሥራቸውን አላቋረጡም። ውሾች ወደ ቤታቸው የገቡት በዚህ በመከራው ዘመን ነው።

የመጀመሪያው ዎልፍ የሚባል የጀርመን እረኛ ዘር ውሻ ነበር። በ1925 የተገዛው ለታናሽ ልጃቸው ለአና ሲሆን፣ ሥራውም በከተማው ስትዘዋወር አጅቦ እንዲጠብቃት ነው። የፍሮይድ ልጅ ማርቲን በጻፈው ትዝታ እንደሚተርከው፣ ዎልፍ አንድ ቀን በቪዬና ፕራተር በሚባለው መናፈሻ በተኩስ ድምፅ ደንግጦ ጠፋ። ሲፈለግ ቆይቶ በታክሲ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ይኸውም ወደ አንድ ታክሲ ዘልሎ ገብቶ አልወርድም ስላለ፣ ነጂው በአንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን አድራሻ አንብቦ አመጣው። የፍሮይድም የልደት ቀን በደረሰ ጊዜ አና ግጥም ጽፋ በዎልፍ አንገት ላይ በማሰር ወደ አባቷ ትልከው ነበር።

ፍሮይድ ራሳቸው የውሻ ባለቤት የሆኑት በ1928 ነው። ዶሮቲ በርሊንግሃም የምትባል አሜሪካዊት የቤተ ሰቡ ወዳጅ፣ ቻው የሚባለው የቻይና ዘር የሆነች አንዲት ውሻ ሰጠቻቸው። ይህ ዘር እንደ አንበሳ ጎፈር ያለው፣ ምላሱ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጠባዩም ዝምተኛና ኩሩ ነው። ስሟ ሉን ዩ ነበር። ነገር ግን በ1929 ወደ ቪዬና በባቡር ስትወሰድ በሳልስቡርግ ጣቢያ አምልጣ ጠፋች፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ባቡር ረግጧት በሐዲዱ ላይ ሞታ ተገኘች። ፍሮይድ እጅግ አዘኑ፤ ለብዙ ወራትም ሌላ ውሻ መያዝ አልፈለጉም። በ1930 የሉን ዩ እኅት የሆነችው ዮፊ መጣች። የስሟ ትርጓሜ በዕብራይስጥ ውበት ማለት ነው። ለሰባት ዓመት ከአጠገባቸው ያልተለየችው ይህች ናት።

በአገራችን የውሻ ቦታው ከደጅ፣ ሥራውም ሌባ መጠበቅ ስለ ሆነ፣ ውሻ በሐኪም ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ዮፊ ሕክምናው ሲጀመር ከድንክ አልጋው አጠገብ ትተኛለች። አትጮኽም፤ አትዘልም። የማርቲን ትዝታ እንደሚለው፣ የበሽተኛው ሰዓት ሲሞላ ግን ተነሥታ ሰውነቷን ትዘረጋለች፤ ታዛጋለች። ፍሮይድም ሰዓታቸውን ሳያወጡ ጊዜው ማለቁን ያውቃሉ፤ ብትሳሳት እንኳ ከአንድ ደቂቃ አትበልጥም እያሉ በቀልድ ያመሰግኗት ነበር። ከዚህም ሌላ ውሻዋ በሽተኛውን እንዴት እንደ ተቀበለችው በጥንቃቄ ይመለከቱ ነበር ይባላል። የተጨነቀ ሰው ሲገባ ርቃ ትተኛለች፤ ልቡ የተረጋጋው ሲገባ ትቀርባለች። ሰው በአፉ የሚናገረውና በሰውነቱ የሚናገረው የተለያየ በሆነ ጊዜ፣ ውሻዋ የምትሰማው የሰውነቱን ንግግር ነው።

ስለዚህ ነገር በጽሑፍ ምስክርነት ከተዉት አንዷ አሜሪካዊቱ ባለቅኔ ሒልዳ ዱሊትል ናት። ይህች ሴት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወንድሟን ያጣች፣ ሌላ ጦርነት እንዳይመጣም በብርቱ የምትሠጋ ነበረች። በማርች 1933 ወደ ቤርግጋሴ መጥታ ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ዮፊ ወደ እርሷ ቀረበች። ፍሮይድም ውሻዋ ከእንግዳ ጋር የማትስማማ መሆኗን ነግረው እንዳትነካት አስጠነቀቁዋት። ሒልዳ ግን ከወለሉ ላይ በርከክ ብላ እጇን ዘረጋች፤ ዮፊም አልነከሰቻትም፤ አፍንጫዋን በእጇ ውስጥ አሳረፈች። ሒልዳ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ፍሮይድ በጻፈችው መጽሐፍ ይህን የመጀመሪያ ቀን ሳትረሳ አስፍራዋለች። በታላቁ ሊቅ ፊት የነበራትን ፍርሃት ያበረደላት ንግግር አልነበረም፤ ውሻዋ በሰላም መቀበሏ ነው። አንዳንድ ጊዜም ፍሮይድ ከእርሷ ታሪክ ይልቅ ልባቸው ወደ ዮፊ የሚያዘነብል እየመሰላት ቅር ይላት እንደ ነበር ሳትደብቅ ጽፋለች።

ፍሮይድ ውሻን የወደዱበትን ምክንያት ለወዳጃቸው ለልዕልት ማሪ ቦናፓርት በ1936 መጨረሻ በጻፉት ደብዳቤ ገልጸውታል። አሳባቸው በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፤ የሰው ፍቅር ምንጊዜም ከጥላቻ ጋር የተደባለቀ ነው፤ እናትና ልጅ፣ ባልና ሚስት፣ ወዳጅና ወዳጅ በሚዋደዱበት ልብ ውስጥ ቅሬታም አለ። ውሻ ግን የወደደውን ይወዳል፣ የጠላውን ይጠላል፤ ሁለቱን አይቀላቅልም። ሽንገላም አያውቅም። በዚያው ወር ከባድ ኦፕራሲዮን ተደርጎላቸው ሲሠቃዩ፣ ዮፊ ሁሉ ነገር እንደ ገባት ሆና አብራቸው ታዝን እንደ ነበር በደብዳቤያቸው አመልክተዋል። ነገር ግን ቀድማ የሄደች እርሷ ናት። በጃንዋሪ 1937 ኦፕራሲዮን ተደርጋ የዳነች ከመሰለች በኋላ ልቧ ቆመ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ፣ ያለ ውሻ መኖርን ስላልቻሉበት፣ ቀድሞ ከዮፊ ጋር ስላልተስማማች ለዶሮቲ በርሊንግሃም ሰጥተዋት የነበረችውን ሉን የምትባለውን ሌላ ቻው መልሰው ወሰዱ።

በማርች 1938 የሂትለር ጦር ኦስትርያን ያዘ። የናዚ ሰዎች ቤታቸውን ፈተሹ፤ ገንዘብም ወሰዱ። በዚያው ወር በ22ኛው ቀን ጌስታፖ የሚባለው ምሥጢራዊ ፖሊስ አናን ይዞ ሄደ። አባትየው ቀኑን ሙሉ ከክፍል ክፍል ሲመላለሱ ዋሉ፤ አና ወደ ማታ በደኅና ተመለሰች። እስከዚያ ቀን ድረስ ከቪዬና አልወጣም ይሉ የነበሩት ሽማግሌ ከዚያ ወዲህ ለመውጣት ቆረጡ። ማሪ ቦናፓርትና ሌሎች ወዳጆቻቸው በገንዘብም በአማላጅነትም ደከሙላቸው። የመውጫ ፈቃዱን በሚጠብቁበት ጊዜ ፍሮይድና አና ልዕልቲቱ በፈረንሳይኛ የጻፈችውን አንድ ትንሽ መጽሐፍ ወደ ጀርመንኛ ተረጐሙ። መጽሐፉ ቶፕሲ ስለምትባል፣ በአፏ አካባቢ ዕጢ ወጥቶባት በጨረር ሕክምና ስለ ዳነች ውሻ የሚናገር ነው። አፋቸው በዚያው በሽታ የቈሰለው ሽማግሌ፣ ጠላት ከተማውን በያዘበት ሰዓት ይህን የመዳን ታሪክ ለመተርጐም መምረጣቸው ልብን የሚነካ ነው።

በጁን 4 ቀን 1938 ፍሮይድ ከቤተ ሰባቸውና ከሉን ጋር በባቡር ቪዬናን ለቀው፣ በፓሪስ በኩል አልፈው በ6ኛው ቀን ሎንዶን ገቡ። አራቱ እኅቶቻቸው ግን በቪዬና ቀሩ፤ ኋላም በናዚዎች ካምፖች ውስጥ አለቁ፤ ወንድማቸው ይህን ሳያዩ ሞቱ። በእንግሊዝ አገር ሕግ ከውጭ የመጣ ውሻ የእብደት በሽታ እንዳያገባ ለስድስት ወር ተለይቶ መቆየት ስለ ነበረበት፣ ሉን በደረሰች ጊዜ ወደ መጠበቂያው ተወሰደች። ሽማግሌው ሕመማቸው እያየለ ሳለ እዚያ ድረስ ሄደው ይጐበኟት ነበር። በዲሴምበር ተለቀቀችና ሜርስፊልድ ጋርደንስ ቁጥር 20 ወደሚገኘው ቤታቸው ገባች። በዚያም ድንክ አልጋው፣ ምንጣፉና ሐውልቶቹ እንደ ቪዬናው ተደርድረው፣ ፍሮይድ ጥቂት በሽተኞችን ይቀበሉ ነበር።

የታሪኩን መራራ ክፍል መዝለል አይገባንም። በ1939 በጋ ላይ የመንጋጋቸው ቁስል ጠልቆ ገባ፤ ሽታውም ሊሸሸግ የማይቻል ሆነ። ዝንብ እንዳያስቸግራቸው በአልጋቸው ላይ አጎበር ተዘረጋ። ሉን ወደ ክፍሉ ስትገባ ጌታዋ ቢጠሩዋትም አልቀርብ አለች፤ ከሩቁ ጥግ ሄዳ ትተኛ ጀመር። ቤተ ሰቡና ሐኪሞቹ በፍቅር ጉልበት ፊታቸውን ሳያጠቁሩ ይቀርቡዋቸው ነበር፤ ውሻዋ ግን ማስመሰል አልቻለችም። ፍሮይድ ዝም ብለው ተመለከቱዋት፤ ነገሩም ምን ማለት እንደ ሆነ ገባቸው ሲሉ ዶክቶር ሹር ጽፈዋል። ስለ ቅንነቷ ይወዱዋት የነበረችው ፍጥረት በቅንነቷ የመጨረሻውን እውነት ነገረቻቸው። በኦገስት 1 ቀን የሕክምና ቤታቸውን ዘጉ፤ በሴፕቴምበር 23 ቀን 1939 በ83 ዓመታቸው ዐረፉ።

ፍሮይድ ውሻን የሕክምና መሣሪያ ነው ብለው አላስተማሩም፤ ስለዚህም አንድ መጽሐፍ አልጻፉም። ጉዳዩን ወደ ሙያ ያመጣው በኒውዮርክ የሺቫ ዩኒቬርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት የሥነ ልቡና ሐኪም ዶክቶር ቦሪስ ሌቪንሰን ናቸው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከሰው ጋር መነጋገርን የተወ አንድ ልጅ ከቀጠሮው ሰዓት አስቀድሞ ወደ ቢሯቸው መጣ። ጂንግልስ የሚባለው የሐኪሙ ውሻ በአጋጣሚ እዚያው ተኝቶ ነበርና ወደ ልጁ ሮጦ ይልሰው ጀመር። ልጁ አልፈራም፤ አቀፈው፤ ተመልሶ መጥቶ ከውሻው ጋር ለመጫወትም ፈለገ። ከብዙ ቀን በኋላ ጨዋታው ቀስ በቀስ ሐኪሙንም የሚጨምር ሆነ። ሌቪንሰን ይህን በ1961 ለሙያ ጓደኞቻቸው ሲያቀርቡ ከአድማጩ ብዙው ሳቀባቸው፤ ሆኖም በ1962 ጽሑፉን አሳተሙ፣ በ1969ም ሰፊ መጽሐፍ አወጡ። የፍሮይድና የዮፊ ነገር በሰፊው ሲታወቅ የሳቁት ሰዎች ቁጥር እየቀነሰ ሄደ።

ዛሬ በብዙ አገር በግል የሚሠሩ የሥነ ልቡና ሐኪሞች ለዚህ የተመረጠና የተለማመደ ውሻ በክፍላቸው ይይዛሉ። ሥራው ሥርዓት አለው፤ ውሻው ጠባዩ የረጋ፣ የተከተበና ንጹሕ መሆን አለበት፤ በሽተኛው ውሻ የሚፈራ ወይም ጠጉሩ የማይስማማው ከሆነ አይቀርብም፤ እንስሳውም ሲደክመው የሚያርፍበት ቦታ ይኖረዋል። ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ውሻን መዳበስ የሰውን ጭንቀት ለጊዜው ሊያበርድ ይችላል፤ ነገር ግን የሐኪሙን ዕውቀት አይተካም። በሩን ይከፍታል እንጂ በበሩ ገብቶ የሚሠራው ሐኪሙ ነው።

ከዚህ ታሪክ ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት የሚወስዱት አንድ ነገር ያለ ይመስለናል። ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ የሚመጣው ባለጉዳይ፣ ከአጠገባችሁ የሚቀመጠው ጓደኛ፣ ብዙ ጊዜ በአፉ የሚናገረው ሌላ፣ በሆዱ የያዘው ሌላ ነው። መልስ ለመስጠት ከመቸኰል በፊት ዝም ብሎ መስማትን የመሰለ አክብሮት የለም። እውነቱን ሰምቶ መቀበል ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ፍሮይድ ሰዎች ሲያዝኑላቸው እውነቱን ቢደብቁዋቸው ተቈጥተዋል፤ ውሻቸው ሳትደብቅ ስትርቃቸው ግን አልተቈጡም። ያ ድንክ አልጋ ዛሬ ሙዚየም በሆነው በሎንዶኑ ቤታቸው ይገኛል። አጠገቡ ወለሉ ላይ ያለው ባዶ ቦታ የማን እንደ ነበረ የሚያውቅ ጐብኚ፣ የእኒህን ሰው ታሪክ ግማሹን ተረድቶታል ለማለት ይቻላል።